ሁለት ቀን ያደረው ሶቢያ

ጂዳ ላይ ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት ሰመመን ይመስላል። ፀሐይ በስሱ መጋረጃ ሾልካ ወጥ ቤቱን ወተት የተደፋበት ታስመስለዋለች፤ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ወበቅ የመስኮቱን መስታወት ያላበዋል። በዚህ ሰዓት የሸምሲያ እጅ ሲሠራ ልቧ ሌላ አገር ነው። ጣቶቿ የሳምቡሳውን ሊጥ ሦስት ማዕዘን እያደረጉ ያጥፋሉ፤ እሷ ግን አገሯ ወረባቦ፣ ወገብ ድረስ በሚደርስ የገብስ ማሳ ውስጥ ቀስ ብላ ትሄዳለች።

በአሠሪዋ በመዳም ሁዳ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ለእንግዳ ቀድሞ የሚቀርበው ትንንሽ ነገር ሁሉ፣ ሳምቡሳው፣ የወይን ቅጠል ጥቅሉ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ተምር፣ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። «ዋናው ምግብ ያጠግባል እንጂ እንግዳን አያጫውትም» ትላለች። «የሚያጫውተው ይኼ በሁለት ጣት የሚነሳው ነው።»

የዚያ ሐሙስ እንግዶች ግን እንደ ሌላ ጊዜዎቹ አልነበሩም። የመዳምን ልጅ ሱመያን ለልጃቸው ሊያጩ የሚመጡ ሴቶች ናቸው። መዳም ሁዳ ከሳምንት በፊት ወጥ ቤት ገብታ፣ «አንቺ ሸምሲያ፣ ግብዣው ካማረልኝ ዓርብ መካ ትሄጃለሽ። ሦስት ቀን እህትሽ ዘንድ» ብላት ነበር።

እህቷ ሱረያ መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ትኖራለች። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ወልዳ፣ ልጁ ሐቢብ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ከጂዳ መካ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሸምሲያ ግን ልጁን ያየችው በስልክ ብቻ ነው።

«እታለም፣ አክስቱ ስልክ ውስጥ የምትኖር መስሎታል እኮ» ትስቃለች ሱረያ።

«አፍንጫውን እስቲ አሳዪኝ።»

«ያንቺ አፍንጫ ነው። አላህ ይድረስለት እንጂ ምን ይባላል!»

ሸምሲያ ስልኩን ዘግታ እጇን ታያለች። እቅፍ ምን ያህል ይከብድ ይሆን? አምስተኛ ወሩን የያዘ ልጅ አንገቱን ችሎ ይሆናል። ባዶ ክንዷን አጥፋ፣ በሊጡ ፊት ትንሽ ታወዛውዘዋለች።

ለግብዣው የቀረው ሶቢያው ነበር። ሶቢያ የመካ ሰው የሚወደው የገብስ መጠጥ ነው፤ ገብስና ደረቅ ዳቦ ተዘፍዝፎ፣ ጠልሎ፣ በስኳር፣ በቀረፋና በሄል ጣፍጦ በበረዶ ይጠጣል። በዚያ ቤት ሁልጊዜ የሚሠሩት መካ፣ ዛሂር ሰፈር የሚኖሩት የመዳም እናት፣ ሐጃ ሀሰና ነበሩ። ዘንድሮ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሸምሲያ «እኔ እሠራዋለሁ» አለች። ሐጃ ሲያዘጋጁት ብዙ ጊዜ አይታለች። ስንት ሰዓት እንደሚያቆዩት ግን አይታ አታውቅም።

ማክሰኞ አጥልላ ቀመሰችው። ጣፋጭ ነው፤ ግን ገና ልጅ መሰላት። በአገሯ የገብስ መጠጥ ቀሪቦ ነው፤ ቀሪቦ ደግሞ ሳያድር አይጠጣም። እናቷ እንስራውን ጨርቅ አልብሳ፣ «ተዪው፣ ይተኛ፣ ሲነቃ ይጣፍጣል» ትል ነበር። ፍሪጅ ውስጥ የከተተችው ሶቢያ በብርድ ደንዝዞ የሚቀር መሰላትና አዘነችለት። አውጥታ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከማድረቂያው ሙቀት አጠገብ አስቀመጠችው። ሁለት ቀን ሙሉ ባለፈች ቁጥር ጆሮዋን ማሰሮው ላይ ትጥላለች፤ ውስጡ በቀስታ ያንሾካሹካል። ደስ ይላታል።

ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ሐጃ ሀሰና ከመካ ደረሱ። ማሰሮውን ከፈቱና አፍንጫቸውን መልሰው ቀና አሉ።

«ይኼን ያስቀመጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ ሐጃ። ሲያድር ይበስላል ብዬ…»

«ልጄ፣ ሶቢያ ሲያድር ሶቢያ አይደለም። ይኼ ራስ ያዞራል።»

መዳም ሁዳ አንድ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ አንጠልጥላ ሌላውን በእጇ ይዛ ሮጣ መጣች። «ምን? የአጪውን ልጅ እናት አስክሬ ልላካት?» ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሺ፣ ስኳር ጨምሪበት። ቀረፋ አብዢበት። በረዶ ከገባበት ማን ያውቃል? ያላ!»

ሸምሲያ ስኳሩን አነሳች። ሁለት ማንኪያ፣ ሦስት ማንኪያ፣ ሽታው ይጠፋል። ነገ ዓርብ ነው፤ ሐቢብ ክንዷ ላይ ነው። ደግሞም ሴቶቹን አሰበቻቸው፤ ከዚህ ጠጥተው፣ መግሪብ ሲደርስ መስከራቸውን ሳያውቁ ለሶላት ሊቆሙ ነው። ስኳሩን መልሳ አስቀመጠች። ማሰሮውን አቅፋ ወደ መታጠቢያው አዘነበለችው። አረፋው እየተንሾካሾከ ወረደ።

«ኻላስ፣ አለቀ» አለች መዳም። «የመካ መንገድሽም አብሮ ፈሰሰ።»

ሸምሲያ ማሰሮውን አለቀለቀች። የተረፈ የገብስ ቆሎ ነበራት። ፈጭታ በቀዝቃዛ ውሃ እንደ በሶ በጠበጠችው፤ ሄል ጣለችበት፤ ሐጃ ሀሰና ማጥለያውን በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ያዙላት፣ እሷ አፈሰሰች። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሁለቱም ሳቁ።

እንግዶቹ መጡ። ሳምቡሳው አለቀ። የልጁ እናት መጠጡን ቀምሳ፣ «ምንድን ነው ይኼ?» አለች፤ ግማሹን ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች። አንዷ ብቻ ሁለተኛ ጠየቀች። ስለ ሱመያ እንመካከራለን ብለው ሄዱ። መዳም ሁዳ ለሸምሲያ ፊት ሳትሰጥ ሳህኖቹን አነሳሳች።

ሐጃ ሀሰና ግን አባያቸውን እያጣጠፉ፣ «ሸምሲያን ጧት ይዣት እሄዳለሁ» አሉ።

«እማ፣ ግብዣዬን አበላሽታ?»

«እሷ ያበላሸችው በቧንቧ ሄደ። አንቺ ልታጠጪ ያሰብሽውን በየት ልድፋልሽ?»

ሁዳ ጉትቻዋን ስታወልቅ ቆየች። «ሦስት ቀን ብቻ» አለች በመጨረሻ።

በማግስቱ መንገዱ በአቧራ ጭጋግ ተሸፍኖ፣ ተራሮቹ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ሸምሲያ ነቅታም ተኝታም አልነበረም። ዑተይቢያ ላይ ጠባቡን ደረጃ አራት ፎቅ ወጣች። ሱረያ በሩን ከፍታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሳትጮህ አለቀሰች።

«አሁን ነው የተኛው። ቆይ ልቀስቅሰው!»

«ተዪው» አለች ሸምሲያ። ጫማዋን አውልቃ ከፍራሹ አጠገብ ተቀመጠች። የልጁ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጡጫው ግማሽ ተከፍቷል። «ሦስት ቀን አለኝ።»

ከመስኮቱ የመጣችው ፀሐይ ወደ ፊቱ ስትጠጋ፣ እንዲከልለው ትከሻዋን ትንሽ አዞረችለት።