በሰንበት የያዝኩት ሱባኤ

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛነት በምሠራበት ቀበሌ ነው። በዚያ ቀን ማንም አልወቀሰኝም። ቢሆንም ውሃ ሊጠጣ ኩባያ ያነሣ ሰው ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

በቀበሌው ለተብርሃን የምትባል ሸክላ ሠሪ አለች። እሷ የሠራችው እንስራ ወይም ድስት የሌለበት ቤት የለም። ከእሷ ቤት ግን እህል የሚቀምስ አልነበረም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይላሉ። የመጀመሪያ ልጇ ክርስትና ዕለት ጎረቤቱ መጥቶ፣ መርቆ፣ ሳይቀምስ ወጣ። ድግሱ እንዳለ አደረ።

እኔ የሰቆጣ ከተማ ልጅ ነኝ። በየስብሰባው "ቡዳ የሚባል ነገር የለም" እያልኩ አፌን ሞልቼ አስተምር ነበር። ለተብርሃን ሁለተኛ ልጇን ስትወልድም አጠገቧ ነበርኩ። ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሊሞላት ሲል የክርስትና እናት እንድሆንላት ለመነችኝ፤ እሺ አልኳት።

"ሌላው ባይቀምስልኝ እንኳ አንች አለሽኝ" አለችኝ።

ቀኑ እሁድ ነበር። ልጅቷን አቅፌ አስጠምቄ ወደ ለተብርሃን ቤት የሚወስደውን ዳገት ተያያዝነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ "ከሸክላ ሠሪ ቤት እንዳትቀምሽ" ያለችኝ ሁሉ መጣብኝ። ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ንግግር የት እንደገባ እንጃ።

አሥር የምንሆን ሰዎች መደቡ ላይ ተቀመጥን። ለተብርሃን ሌማቱን ይዛ ዞረች። ጎረቤቷ አያ ገብሩ ጥርሴን አሞኛል አሉ። አንዲት ሴት መድኃኒት ጀምሬያለሁ አለች። እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ሱባኤ ላይ ነኝ እኮ" አልኳት።

ጥግ ላይ ካስቀመጠችው የታሸገ ውሃ አንዱን አንሥታ ሰጠችኝ። ከእጇ የማይጠጣ እንግዳ እንዳይጠማ ብላ ከሰቆጣ አስገዝታው ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዲያም ሆኖ ክዳኑን ከፍቼ ጠጣሁ።

ልጅቷን ያጠመቋት መምሬ ካሳ የገቡት ያን ጊዜ ነው። ሌሊቱን በቅዳሴ የቆሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ዳገት በከዘራ ነው የወጡት። ባርከው ይሄዳሉ ብለን ሁላችንም ብድግ አልን። እሳቸው ግን መደቡ ላይ ዘፍ አሉ።

"ለተብርሃን ልጄ፣ ደክሞኛል። እስቲ ውሃ አጠጭኝ።"

ሮጣ የታሸገውን አቀረበችላቸው።

"ይሄማ ሱቅም አለ" አሉ። "ከእንስራሽ ቅጅልኝ።"

"ከእኔ እንስራ፣ መምሬ?"

"ካንችው።"

ለተብርሃን ለባሏ በአገሩ ቋንቋ በኽምጠኛ አንድ ነገር ብላ ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ አስታቀፈችውና ቀዳች። ከጥድፊያዋ የተነሣ ግማሹን አፈሰሰችው። መምሬ ባንዴ ጨለጡትና ጢማቸውን ጠረጉ።

"ጌታችንም እንዲሁ መንገድ አድክሞት ነው ጉድጓዱ አጠገብ የተቀመጠ" አሉ። "ወገኖቹ በዕቃዋ የማይጠጡላትን ሳምራዊት ሴት ውሃ ለመናት። ቁጣም ስብከትም አላስቀደመ። ጠማኝ አላት፣ እንደማንኛችንም።" ከዚያ ወደ ሌማቱ ዘወር አሉ። "እኔን ደግሞ ርቦኛል።"

ያን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ጌታ ሲሰጥ እንጂ እንዲህ ከተናቀች ሴት እጅ ሲለምን በልቤ አይቼው አላውቅም ነበር።

መምሬ አንድ ጎርሰው ወደ እኔ ዞሩ። "አንችስ የክርስትና እናት?"

"ሱባኤ ላይ ነኝ፣ መምሬ።"

"በሰንበት? ይሄን ሱባኤ ማን ነው ያዘዘሽ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። የምሸሸግበት ስላልነበረኝ እውነቱን አወጣሁት። "ፈርቼ ነው" አልኩ፤ ለተብርሃንን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

"አውቄያለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ግድ የለም፣ አሁን ቅመሽልኝ።"

ቆርሼ በላሁ። ደግሜ ቆረስኩ። ጥቂት ቆይተው አያ ገብሩ ጥርሳቸው ለቀቅ እንዳደረጋቸው ተናገሩና እጃቸውን ሰደዱ። ባለ መድኃኒቷም ተጠጋች።

ከዚያ ለተብርሃን ወደ ጓዳ ገብታ ቀረች። ተከትያት ስገባ ባዶውን ድስት ይዛ ቆማለች። ይበሉልኛል ብላ ስላላሰበች የሠራችው ጥቂት ነበር።

"አለቀብኝ!" አለችኝ፤ እያለቀሰች ትስቃለች። "እህቴ፣ እንግዳ በዝቶ አለቀብኝ!"

ዛሬ ከእሷ ቤት ሁሉም ይበላል ብዬ አልዋሽም። አሁንም ጥርሱን የሚያመው አለ። ነገር ግን ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው፤ የክርስትና ልጄም በየጎረቤቱ እየገባች ታድጋለች። እኔ ስብሰባ ላይ እንደ ድሮው ብዙ አላወራም። ዳገቱን እወጣና ለተብርሃን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሳይጠማኝም ቢሆን፣ ውሃ አጠጭኝ እላታለሁ።