የፊት በር

ፖስታ አዳይዋን አርሊስን የማያውቅ በኛ አገር የለም። መኪናዋን የምትነዳው ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ግራ እጇን ወደ መሪው፣ ግራ እግሯን ወደ ፍሬኑ ዘርግታ ነው፤ አለዚያ በመንገዱ ዳር የተተከሉትን የፖስታ ሳጥኖች በመስኮት አትደርስባቸውም። እንግዳ ሰው መሪው ፊት ማንም ያልተቀመጠበት መኪና ሲመጣበት ክው ይላል። እኛ ለምደነዋል። ልጆቿን ያሳደገችው፣ ወገቧንም የታመመችው በዚሁ የፖስታ መስመር ላይ ነው። በበጋ ሥራዋ ጨዋታ ነው። በበረዶው ወራት ግን፣ ከካናዳ ድንበር በታች ባለው በዚህ ሜዳ ላይ ነፋሱን የሚያቆም አንድ ዛፍ እንኳ የለምና፣ ፖስታ ማድረስ ከነፋስ ጋር ግብግብ መግጠም ነው።

ፖስታ ቤቱ ደንብ አለው፤ ባለቤቱ ሳጥኑ ፊት ያለውን በረዶ ካልጠረገ ፖስታው ይመለሳል። አርሊስ ደንቡን ታውቀዋለች፤ ስታከብረው ግን አይተን አናውቅም። "ደንቡን የጻፈው ሰውዬ እዚህ መጥቶ አካፋ ይያዝ!" ትላለች።

የዚያ ዓመት ጥር ክፉ ነበር። የበረዶው ማዕበል መጣና ሁሉን ነገር ዘጋው። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የወተት መኪናው ቀረና ገበሬው የላሞቹን ወተት እያየ መሬት ላይ ደፋ፤ ሱቁ ውስጥ ዳቦ አለቀ። ፖስታውም ከከተማ ሳይመጣ ሰነበተ። ነፋሱ ጋብ ሲል በመጣው ጆንያ ሙሉ ፖስታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ካርቶን ነበረች፤ የሃልቮር የልብ መድኃኒት።

ሃልቮር ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ በመስመሩ ጫፍ፣ ከሰው ቤት ርቀው ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸው ከብዷል፤ መኪና መንዳትም ትተዋል። ማዕበሉ ከመምጣቱ በፊት ሳጥኑ አጠገብ ቆመው ጠብቀዋት ነበር።

"ልጄ፣ የክኒኔ ጠርሙስ እኮ ታቹ መታየት ጀመረ።"

"እንደመጣልኝ በእጄ ነው የማስረክብዎት።"

"ኧረ ራስሽን አታስቸግሪ። ሲመጣ ይመጣል።"

የኛ ሰዎች እንዲህ ናቸው። ቤታቸው ቢቃጠል እንኳ ጎረቤት ቀስቅሶ ውሃ መለመን ያሳፍራቸዋል። በዚህ ጠባያችን ስንቱን ሰው ቀበርን!

ካርቶኗ በመጣች ማግስት ከሰዓት በኋላ ሌላ ማዕበል እንደሚገባ ሬዲዮው ሲለፍፍ አደረ። ባሏ ዱዌን ጠዋት ጫማዋን ስታስር አያትና፣ "ዛሬ ብትቀሪስ?" አላት።

"ሽማግሌው መድኃኒት የላቸውም።"

"አንቺ መንገድ ላይ ብትቀሪ ለኔስ ማን አለኝ?"

"አንተን ደግሞ ምን ይገድልሃል! የኔን ድርሻ ሥጋ ሳይቀር ትበላለህ" ብላው ወጣች።

ሃልቮር ቤት ስትደርስ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቁሮ፣ ነፋሱ በረዶውን መሬት ለመሬት መንዳት ጀምሯል። የፖስታ ሳጥኑ የለም፤ ክምሩ ውጦታል። መኪናዋን መንገዱ ላይ አቆመች፤ ካርቶኗን ካፖርቷ ውስጥ ከተተችና እስከ ጉልበቷ እየሰመጠች ወደ ቤቱ አመራች። በወጥ ቤቱ በር በኩል በረዶው እስከ መስኮቱ ተቆልሏል። በፊት ለፊት ግን ነፋሱ ደረጃውን ጥርግ አድርጎ አጽድቶታል። በደረጃው ወጣች። የውጭውን የመስተዋት በር ከፍታ የውስጡን የእንጨት በር ደበደበች፤ ስማቸውን እየጠራች ጮኸች። የወጥ ቤቱ መብራት በርቷል። ዘወር ብትል መኪናዋ ከዓይኗ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። ካርቶኗን በሁለቱ በሮች መካከል አስቀመጠች፤ የውጭውን በር ገፍታ ዘጋች። መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ክላክሱን ደጋግማ ነፋችና ነጎደች።

ቤቷ የገባችው በእግዜር ቸርነት ነው። ዱዌን ሾርባ አቀረበላት። "እንኳን ሄድኩ! አሁን እንዳሻው ይንፈስ" አለች። ደስ ብሏታል፤ ምን አስዋሸኝ፣ ትንሽ ኩራትም ነበረባት።

ማዕበሉ ገባ። ቤቱ በነፋሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዱዌን ሳሎን ገብቶ የፊት ለፊቱ በር ሥር ተንበረከከና፣ በሩ ላይ ከተወጠረው ፕላስቲክ የተላቀቀውን ጠርዝ መልሶ ማጣበቅ ያዘ።

"ይሄ በር ከጥቅምት ጀምሮ ታሽጎ ዛሬም ነፋስ ያስገባል እኮ! ብርድ ልብስ ልጨምርበት። እስከ ሚያዝያ እንደሆነ ማንም አይከፍተው።"

አርሊስ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

በኛ አገር የፊት በር ለወጉ ያህል ነው። ቄስና አስከሬን ካልሆነ ማንም አይተላለፍበትም፤ ሰው የሚገባው የሚወጣው በወጥ ቤቱ በር ነው። ብርዱ ሲመጣ የፊቱ ከውስጥ በፕላስቲክ ይለጠፋል፣ በብርድ ልብስ ይታፈናል፣ አንዳንዱም ሶፋ ያስጠጋበታል፤ ከዚያ ወዲያ በር መሆኑም ይረሳል። አርሊስ ይህን የማታውቅ ሆና አይደለም። ደረጃው ተጠርጎ ስታየው፣ ማዕበሉም ከኋላዋ ሲያጓራ፣ ብልጭ አላለላትም።

"ዱዌን፣ የፊት በሩ ጋ ነው ያስቀመጥኩት።"

"ምኑን?"

"መድኃኒቱን! የፊት በሩ ጋ!"

ዱዌን የፕላስቲኩን ጠርዝ እንደያዘ ዞሮ አያት። "ክላክስ ነፍተሽ የለ? ሰምተው ይሆናል።"

"እሳቸው የት ይሰማሉ!" አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "መኪናዋን በመስኮት አይተው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ወደ ሳጥኑ ነው የሚወጡት" አለች።

ስልክ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሳም። ከዚያ በረዶ ጠራጊውን መኪና ለሚነዳው ለሌስተር ደወለች።

"ሌስተር፣ እስከ ሃልቮር ቤት መንገድ ክፈትልኝ።"

"አብደሻል እንዴ ሴትዮ? የመኪናዬ አፍንጫ እንኳ አይታየኝም! ሁላችንንም ግቡ ብለውናል።"

"ሰውዬው መድኃኒት የላቸውም።"

"ወስደሽላቸው የለም? ዱዌን ቅድም ደውሎ ሲኩራራብኝ ነበር።"

"የፊት በሩ ጋ ነው ያስቀመጥኩት።"

"ወይ አርሊስ! ወይ አንቺ ሴት!" አለ። "በቃ፣ ነፋሱ ጋብ እንዳለ እመጣለሁ። ለባብሰሽ ጠብቂኝ።"

ካፖርቷን ለብሳ ወጥ ቤት ተቀመጠች። ማዕበሉ እንደዚያው ሲጮህ አድሮ በማግስቱም ሲጮህ ዋለ። ደጋግማ ትደውላለች፤ ስልኩ ይጠራል። መስመሩ ስላልተበጠሰ ትጽናናለች፤ መልሳ ደግሞ፣ ታዲያ ለምን አያነሱም ብላ ስልኩን ታነሳለች። ዱዌን አጽናናለሁ ብሎ አፉን ሲከፍት፣ "ዝም በል፣ በናትህ!" ትለዋለች።

በመጨረሻ ነፋሱ ቆመ። ሌስተር መጣና ጠራጊው መኪና ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ሃልቮር ደጅ ሲደርሱ የፖስታ ሳጥኑ ከክምሩ ወጥቷል። አንድ ሰው ቆፍሮ አውጥቶታል። አካፋው አጠገቡ ተሰክቶ ቆሟል፤ የሳጥኑ መዝጊያ ተከፍቶ ውስጡ በረዶ ሞልቷል።

"ልግባልሽ?" አላት ሌስተር።

"እኔው ነኝ የምገባው።"

ሃልቮር እንደምንም ተመልሰው ወጥ ቤታቸው ገብተዋል። ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ካፖርታቸውን አላወለቁም። ከሞቱ ቆይተዋል። አርሊስ እጃቸውን ነካችና ሳሎን ገባች። የፊት በሩን ብርድ ልብስ ስባ ጣለች፤ ፕላስቲኩን በጥፍሯ መቦጨቅ ጀመረች።

"ተይው አርሊስ፣ ምን ይሠራልሻል?" አላት ሌስተር።

አልሰማችውም። በሩን ስትከፍተው ካርቶኗ እዚያው ናት፤ ደረቅ፣ በረዶ እንኳ ያልነካት። ሌስተር ከእጇ ወሰዳትና ኪሱ ከተተ። "ይሄ ከኛ አይወጣም" አለ።

እውነትም አልወጣም። መሬቱ በብርድ ጠጥሮ መቃብር ስለማይቆፈር አስከሬኑ እስከ ጸደይ ይቆያል፤ ጸሎቱ ግን ተደረገ። ቄሱም ነፍሷን አስይዛ መድኃኒት ያደረሰች እህታችን ብለው አርሊስን አመሰገኗት። ሰው ሁሉ እጇን ጨበጠ። እሷ የሰው ፊት ማየት አቃታት።

መንገድ ተዘግቶባት ለጸሎቱ ያልደረሰችው የሃልቮር ልጅ፣ ማርዴል፣ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች።

"አርሊስ፣ በዚያ ማዕበል በእግርሽ ሄደሽ መድኃኒቱን እንዳደረስሽለት ነገሩኝ። ያስታወሰው ሰው እንደነበረ ማወቄ እንዴት እንዳጽናናኝ! እግዜር ይስጥልኝ።"

ዱዌን ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ራሱን ይነቀንቅባታል፤ በቃ አሜን በያት ማለቱ ነው።

"ማርዴል፣ ያስቀመጥኩት የፊት በሩ ጋ ነው።"

ማርዴል እዚያው ቤት ውስጥ ነው ያደገችው። አባቷ በየጥቅምቱ ያንን በር ሲያሽጉ ፕላስቲኩን ወጥራ የምትይዝላቸው እሷ ነበረች።

"የፊት በሩ ጋ?" አለች።

"አዎ።"

"ሳጥኑ ድረስ ወጥቶ ነበር?"

"ወጥተው ነበር። ቆፍረው አውጥተውታል።"

ማርዴል ስልኩን አልዘጋችም። አርሊስም አልዘጋችም።