ፓምፕ የሌለው ዲናሞ

መጠበቅ አልችልም። ልጅ ሆኜ ድንች በቅጡ ሳይበስል ከድስቱ እያወጣሁ ምላሴን እቃጠል ነበር፤ ዛሬም ሰው ሲያወራ ቀስ ካለብኝ ወሬውን እኔ እጨርስለታለሁ። ሾፌር የሆንኩትም በዚሁ ጠባዬ ይመስለኛል። ይህ ጠባይ እኔን ብቻ ቢጎዳኝ ኖሮ ባልጻፍኩት።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ነበረችኝ። ወደ ቡሬና ወደ ደንበጫ፣ የገበያ ቀን ደግሞ ወደ ገጠሩ እሠራባታለሁ። ባትሪዋ ከደከመ ቆይቷል፤ ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የከተማችን ሾፌሮች የትም ስደርስ ቁልቁለት ፈልጌ ነበር የማቆማት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት በርታ አልጠፋም ስትል ግን ነገሩ ከባትሪ ያለፈ መሆኑ ገባኝ። ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሥራውን አቁሟል።

የተበላሸው ደግሞ ከቀን ሁሉ መርጦ ነው። እናቴ የምትኖረው ፈረስ ቤት አጠገብ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ከጋረዳት ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር፤ ሰው የምትለየው በድምፁና በኮቴው ነው። በዚያ ሰሞን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ፍኖተ ሰላም መጥተው ነበር፤ ለእናቴ ቀበሌ የደረሰው አንድ ቀን ብቻ፣ የሚካኤል ማግስት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናቴን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች መዝግባለች፤ የማመጣቸው እኔ ነኝ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ዲናሞው የሞተው በሚካኤል ዋዜማ ነው።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩልኝ በዕድሜ ከአባቴ የማያንሱ ሰው ነበሩ። ዲናሞውን ፈትተው አሸተቱና ተቃጥሏል አሉኝ። ለእኔ መኪና የሚሆን ያገለገለ ዲናሞ ነበራቸው፤ ግን ሆዱ ተከፍቶ፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታው ወጥቶ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። በማግስቱ ሚካኤል ስለሆነ አይነኩትም። እኔ ለመንኩ፤ ለዓይን ሕሙማን ነው፣ ጽድቅ እንጂ ኃጢአት የለውም አልኩ፤ የሌለኝን ቅስና ሁሉ አወጣሁ። እሳቸው እጃቸውን በናፍጣ እየታጠቡ ጨርሼ እስክናገር ጠበቁኝ።

«ሚካኤልን ቁልፍ አልይዝም» አሉ። «በማግስቱ ግን ጎሕ ሲቀድ ተነስቸ እገጥምልሃለሁ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እናትህን ሐኪሙ ደጅ ታደርሳታለህ።»

ስምንት ሰዓት። ሐኪሞቹ እስከ አመሻሽ እንደሚሠሩ አውቃለሁ፤ ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ ግን ኩሽኔታው ባይገባስ፣ ሰውዬው ቢያማቸውስ፣ ሐኪሞቹ ቀድመው ቢሄዱስ እያልኩ ያልመጣውን ክፉ ቀን መቁጠር ያዝኩ። በሚካኤል ጠዋት የተቃጠለውን ዲናሞ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ፣ በሰው መኪና ተሳፍሬ ቡሬ ሄድኩ።

ቡሬ ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ለእሱ ብረት መቀጥቀጥ እንጂ መሸጥ ሥራ አይደለም። ያሉትን ዲናሞዎች አንድ በአንድ ከእኔው ጎን እያስቀመጥኩ ለካኋቸው። አንዱ ቡሎን የሚገባበት ጆሮው አልገጠመም፤ ሌላው የሚያዞረው ቺንጋ የሚያርፍበት ቦይ ሰፋ። ሦስተኛው ጆሮውም፣ ቦዩም፣ የሽቦ መሰኪያውም ቁርጥ የእኔ ነው። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ባዶ ነበር፤ ለካ የወረደው ከቤንዚን መኪና ላይ ነው። የእኔ የናፍጣ ናት፤ ከዲናሞው ጀርባ አየር እየሳበች ፍሬኑን የምታለሰልስ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋታል። ፓምፗ ከሌለች ፍሬኑ ይይዛል፣ ነገር ግን ይጠጥራል።

ሻጩ አልደበቀኝም። ይሄ ለናፍጣ አይሆንም፣ ገደል የለብህም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለአንድ ቀን ነው አልኩት። ይህችን ቃል ስናገር ያፈርኩ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ራሴ ገጠምኩት። ሁለቱን ቡሎኖች አሰርኩ፣ ሽቦዎቹን ሰካሁ፣ ቺንጋውን ወጠርኩ። ወደ ፓምፗ ይሄዱ የነበሩትን የዘይትና የአየር ቱቦዎች ደግሞ በቡሎን ወትፌ በሽቦ ጠመጠምኩ። ሠፈርተኛው ገፍቶ አስነሳልኝ፤ ቀይዋ መብራት ጠፋች። ደስታዬ ፍሬኑን እስክረግጥ ነበር። ድንጋይ የረገጥኩ መሰለኝ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ በሁለት እግሬ ስጫነው ግን ያዘ፤ ይበቃል አልኩ።

በማግስቱ በጠዋት ፈረስ ቤት ደረስኩ። ዳገት ስለነበር ፍሬኑን ብዙም አልፈለግኩትም። ዘጠኙ ሽማግሎችና አሮጊቶች ነጠላቸውን አጥበው፣ ዱላቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። ከመካከላቸው አንድ ዓይናቸው ደህና የሆነው አንድ መሪጌታ ብቻ ናቸው። አንድ በአንድ ደግፌ አስገባኋቸው፤ እናቴን ጋቢና ከጎኔ አስቀመጥኳት። ስለ ፍሬኑ ለማንም አልተነፈስኩም።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ከኋላ ምርቃት ይወርድልኝ ነበር። እኔ በመጀመሪያ ማርሽ ይዤ፣ የእጅ ፍሬኑን እየጎተትኩ፣ በየመታጠፊያው ብድግ እያልኩ እረግጣለሁ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እናቴ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ተናገረች።

«ትናንት ሚካኤል ነበር። መኪናውን ማን ሠራልህ?»

«እኔው ነኝ።»

«ምነው ታዲያ በሁለት እግርህ ትረግጣለህ?»

ትንሽ ጠጠር ብሎብኝ ነው፣ ግን ይይዛል አልኳት። ወንበሩ ስነሳና ስቀመጥ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ከመጀመሪያው አንስቶ እየቆጠረችኝ ኖሯል።

«እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ?»

ለሚቀጥለው መታጠፊያ ብድግ ብዬ ፍሬኑን ረገጥኩ።

«አቁም» አለች።

መኪናዋን የተራራው ጥግ አስደግፌ አቆምኩ። እናቴ ወደ ኋላ ዞራ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ የመኪናው ፍሬን ደህና እንዳልሆነና ልጇ ሳይነግራቸው እንደጫናቸው አስረዳች። እግሯ ጤነኛ ስለሆነ እስከ ሜዳው በእግሯ እንደምትወርድ፣ መቀመጥ የፈለገም ያሻውን እንዲያደርግ ነገረቻቸው። የሚሰድበኝ ሰው እጠብቅ ነበር። ከአንዳቸውም ክፉ ቃል አልወጣም፤ ተራ በተራ ወረዱ። መሪጌታው ከፊት ሆኑ፤ ሌላው የእሳቸውን ዱላ ጫፍ ያዘ፣ ቀጣዩ የእሱን፣ እንዲያ እያሉ ዘጠኙም አንድ ሰልፍ ሆኑ። እናቴ የመጨረሻዋ ነበረች።

እኔ ባዶ መኪናዬን ይዤ ከፊት ከፊት ወረድኩ። ጥቂት ሄጄ እቆማለሁ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ እወትፋለሁ፣ በስፖኪዮ አያቸዋለሁ። በጠጠሩ ላይ በእግራቸው እየዳበሱ፣ ቀስ ብለው፣ እየተጠራሩ ይመጣሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጠበቅኩበት ቀን የለም። መሪውን በጥርሴ ብነክሰው ደስ ባለኝ። እያንዳንዱ እርምጃቸው የእኔ ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፍጠኑ የምልበት አፍ ደግሞ የለኝም።

ሜዳው ላይ ተሳፍረው ሆስፒታል ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ነርሷ ወረቀቷን አየችና ለዛሬ የቀረው የቀዶ ሕክምና ዕቃ ለስምንት ሰው ብቻ ይበቃል አለች፤ በማግስቱ ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ የሚመለሰውም ከክረምት በኋላ ነው። ከእኛ አርፍዶ የመጣ ሰው አልነበረም። መሪጌታው አንድ ዓይን አለኝና እኔ ልቅር አሉ። እናቴ አልሰማቻቸውም፤ ነጠላዋን አስተካክላ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ነርሷ ላይ መጮህ ስጀምር እጅጌዬን ይዛ ሳበችኝ።

«የሾፌሩ እናት እኔ ነኝ» አለች። «እነሱን አስቀርቸ በምን ዓይኔ ልገባ ነው?»

በነጋታው ኤሌክትሪክ ሠሪው ደጅ ፀሐይ ሳትወጣ ተገኘሁ። ዲናሞው ከነፓምፑ ተገጣጥሞ፣ ተወልውሎ ተቀምጧል፤ በቀጠሯቸው ጠዋት ጎሕ ሲቀድ ተነስተው ሲጠብቁኝ አርፍደዋል። ቱቦዎቹን የወተፍኩባቸውን ቡሎኖች አይተው አንድ በአንድ ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ሥራውን እስኪጨርሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ አንዴም መቼ ያልቃል ብዬ አልጠየቅኩም።

በዚያ ክረምት የእናቴ ወንድም ከመራዊ ታሞ መጣ። ዘመን ሙሉ ተጠፋፍተው የኖሩ ናቸው። እሷ ቤት ተኝቶ ጉንጩን በእጇ እየዳበሰች አስታመመችው፤ ነሐሴ ውስጥ ሞተ፣ ፊቱን ሳታየው። ማንም ይህን ከእኔ ዲናሞ ጋር አላያያዘውም፤ እሷም ትንፍሽ አላለች። እኔ ግን ለቅሶው ላይ ተቀምጬ የማስበው ያንን የሚካኤል ጠዋት ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ከክረምት በኋላ ሐኪሞቹ ሲመለሱ አንደኛዋ ገቢ እሷ ሆነች። ፋሻው ተፈትቶ ወደ ቤቷ ስመልሳት እንደገና ጋቢና ተቀመጠች። የምታየው በዛባት፤ ዛፉን፣ ከብቱን፣ የእኔን ሽበት። አንዱን ዳገት ወጥተን ቁልቁል የሚወስደው አጭር መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ፍሬኑን ለስለስ አድርጌ ያዝኩ።

«ዛሬስ ባንድ እግርህ ነው?» አለችኝ።

«ባንድ እግሬ ነው፣ እማ» አልኳት።

ጎንበስ ብላ እግሬን አየች።