አውራ ጣት ያረፈበት ሰም

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ ደብቄያለሁ። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይህችን ብቻ ምላሴ ሥር ይዣት እወጣ ነበር። አሁን ለእናንተ ስነግርም በንጹሕ ልብ እንዳይመስላችሁ፤ በልባችሁ ምን እንደምትሉኝ እየጠረጠርኩ ነው የምጽፈው። ጠርጣራ ነኝ። ሰው የጎዳሁትም በዚሁ ጠባዬ ነው።

እንጅባራ፣ ሽማግሌዎቹ ቆሰበር የሚሏት ከተማ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ አያ ልየው ናቸው። እሳቸው የሞተሩን የላይኛውን ክዳን፣ እኛ ቴስታታ የምንለውን፣ ያወርዱና አየር የሚገባበትንና ጭስ የሚወጣበትን ቀዳዳ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል። ዳገት ላይ ሲያለከልክ የኖረ ሚኒባስ ከእጃቸው ሲወጣ ይበራል። ቀዳዳውን የሚከፍትና የሚዘጋውን ቫልቭ መምረጥማ ማን እንደሳቸው! "ትልቅ ቫልቭ ስለከተትክ ሞተር አይጠነክርም፤ ከሚገፋው ዘንግ፣ ከካምሻፍቱ ጋር የሚስማማውን ነው የምትመርጠው" ይሉኝ ነበር።

መስማማቱን የሚያዩበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ከጧፍ የተረፈ ሰም በእጃቸው አሙቀው ከቫልቩ ሥር ከፍ ዝቅ የሚለው ፒስተን አናት ላይ ይለጥፋሉ፤ ክዳኑን ገጥመው ሞተሩን በእጅ ያዞሩታል፤ ከዚያ መልሰው ይከፍቱታል። ቫልቩ የተጫነው ቦታ ላይ ሰሙ ወፍራም ሆኖ ከቀረ ቫልቭና ፒስተን አይነካኩም ማለት ነው፤ ከሳሳ አደጋ ነው። ያን ሰም ጠርዙ ላይ በአውራ ጣታቸው ያትሙበትና መኪናው ሠርቶ በሰላም እስኪመለስ መስኮቱ ላይ ያስቀምጡታል።

እኔ የቡሬ ሰው ነኝ፤ ያኔ አገውኛ አልሰማም ነበር። ደንበኞቻችን ደግሞ ከአያ ልየው ጋር የሚጫወቱት በአገውኛ ነው። እነሱ ሲያወሩ እኔ ብሎን እያጠበቅሁ ጆሮዬን አቆማለሁ። ሲስቁ በእኔ የሳቁ ይመስለኛል። ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉማ አለቀ፣ እኔን ነው የሚያሙት! ዛሬ ቋንቋውን ስሰማው ወሬው ሁሉ ስለ ዝናብና ስለ ድንች ነው። ያኔ ግን በየቀኑ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይጨመር ነበር።

ሙላት የሚባል ሰው ሚኒባሱ የጥሊሊን ዳገት እምቢ ብላው አመጣት። አያ ልየው ክዳኑን አለሰለሱት፤ ቫልቩን ከቀድሞው ከፍ አድርጎ የሚከፍት አዲስ ካምሻፍትም ገባ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት ቫልቭ ነበር፤ አንደኛው ደህናው፣ ሁለተኛው ራሱ ሰፋና ወፈር ያለ፣ ሙላት "ጉልበት ይሰጣል" ብሎ ያመጣው። አያ ልየው በደህናው ሞከሩ፤ ሰሙ ወፍራም ሆኖ ወጣ፤ አትመው መስኮቱ ላይ አኖሩት። በዚያው ሰዓት ከአዘና መርዶ መጣባቸው። ደህናውን ቫልቭ በእጄ ሰጥተውኝ "እነዚህን ግጠም" ብለው ተነሡ።

በሩ ላይ ከሙላት ጋር በአገውኛ ተነጋገሩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ሳቁ። ሙላት ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በዚያው ሳምንት የአያ ልየው የእህት ልጅ ሥራ ፈልጎ መጥቶ ነበር። አሃ! ለዚህ ነው ለካ፣ ሊያባርሩኝ ነው አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። ጠየቅኋቸው? አልጠየቅሁም። ወፍራሙን ቫልቭ አንሥቼ ገጠምኩት። እኔ ነኝ የገጠምኩት። ማንም እጄን አልገፋኝም። በሰምም ሞክሬዋለሁ፤ ሰሙን ወደ ብርሃን ሳነሣው ወዲያ ማዶ አሳየኝ። አውቄ ነው። ስሱን ሰም በገዛ አውራ ጣቴ አትሜ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ የእሳቸውን ኪሴ ከተትኩ። እንዲዋረዱ ነው የፈለግሁት፤ "ልየው አረጀ" ተብሎ ሰው ሁሉ ወደ እኔ እንዲዞር።

በሦስተኛው ቀን ሙላት ጥሊሊ ዳገት ላይ መኪናዋን ሲያስጮኻት ቫልቩ ፒስተኑን መታው፤ ሞተሩ ተሰባበረ። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ሄደ። ማንም አልተጎዳም፤ ይህን ግን ማቅለያ አላደርገውም።

አያ ልየው ሞተሩን ሙላት ፊት ከፈቱት። የተጣመመውን ቫልቭ አገላብጠው አዩና "ጌትነት፣ ይህን ነው የሰጠሁህ?" አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ "እርስዎ የሰጡኝን ነው የገጠምኩት፣ አያ" አልኩ።

ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሰሙን ወደ ብርሃን አነሡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት። "እንግዲያ ዓይኔ ሄዷል" አሉ። ለሙላትም በአማርኛ፣ እኔ እየሰማሁ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ቫልቭ በእጃቸው አልያዙም።

ዳንግላ ያለች ሴት ልጃቸው ቤት ገቡ። ጋራዡ ለእኔ ቀረ። ለበዓል እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ደግ ሰው መስዬ! እሳቸው ግን ራሳቸውን ማመን ትተዋል። በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ? መድኃኒቴን ውጫለሁ ወይ? ልጃቸውን ሦስቴ አራቴ ይጠይቃሉ። እሷ "እርጅና ነው" ትለኛለች። እርጅና አይደለም። እኔ ነኝ ያን ጥያቄ የከተትኩባቸው። ይህን እያወቅሁ እንኳ ፊታቸውን እሰልላለሁ፤ ነቅተውብኝ ይሆን? ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይኔን ወደ መሬት እጥላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ያን ኪሴ የከተትኩትን የእሳቸውን ሰም በክብሪት ቀፎ ይዤ ሄድኩ። ለምን ሳልጥለው እንደኖርኩ አላውቅም። መዳፋቸው ላይ አኖርኩትና ሁሉንም ነገርኳቸው። አውራ ጣታቸው ሰሙን ዳበሰ፣ ዳበሰና ቦታውን አገኘ። ልክክ አለ።

"ዓይኔ ደህና ነበር?" አሉኝ። ከዚያ ልጃቸውን ተጣሩ። "ነይ እስኪ! ዓይኔ ደህና ነበር! ሰምተሻል? ደህና ነበር!" ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ቢረግሙኝ እችለው ነበር፤ ደስታቸውን ግን አልቻልኩትም።

ሲረጋጉ "ግን ምን አድርጌህ ነው?" አሉኝ። በሩ ላይ የሳቁትን ሳቅ ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡ። "ምን ተባብለን ይሆን? እንጃ ልጄ፣ አላስታውሰውም" አሉ።

ጉዴን ስሙ እንግዲህ። ሰሙን በእጃቸው ይዘው፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ እኔ በውስጤ "ያስታውሱታል፤ እየደበቁኝ ነው" አልኩ።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። እናንተንም አልጠይቅም። አያ ልየው "ይቅር ብዬሃለሁ" ቢሉኝ እንኳ፣ እኔ እውነታቸውን ነው ብዬ የማምን ሰው አይደለሁም።