ወርቅ ቤታችን ከፒያሳ የወጣ ጊዜ

ፒያሳ በሚገኝ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ሠርቻለሁ። ሱቁ ጠባብ ነበር፤ ሦስት ደንበኛ ከገባ አራተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሱቁ ባለቤት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ንግዱን ብቻቸውን የያዙ፣ ስድሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። እኔም ጎረቤቱም እትዬ እንላቸዋለን። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አንጥረኛችን ይቀመጣል። ጊዮርጊስ አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ ምላሱ ከመዶሻው የሚፈጥን ሰው ነው። ደንበኛ ሲያመነታ ከውስጥ ሆኖ በሚወረውራት አንዲት ቃል ስንቱን አስቆ አስገዝቷል።

ያን ጊዜ ከተማው ቀለበት ሲያስብ ፒያሳን ያስብ ነበር። ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲያልፍ ከገርጂ፣ ከአያት፣ ከለቡ ሙሽሮች ከነእናቶቻቸው ይመጣሉ። ሙሽራዋ እኛ ጋ ቀለበቷን ትለካለች፤ ከዚያ ጥቂት በሮች አልፋ ፎቶ ቤት ቀጠሮ ትይዛለች፤ ሙሽራው ልብስ ሰፊው ጋ ይሄዳል፤ እግራቸው የዛለ እናቶች ኬክ ቤት ገብተው ሻይ ያዛሉ። አንዱ ሱቅ የሌላውን ደንበኛ ይመግባል። እኛ በደህና ቀን ስንሸጥ ኬክ ቤቱም ደህና ይውላል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላቀደውም፤ እንዲሁ አብሮ የኖረ ነገር ነው።

ሰፈሩ ለአዲስ ግንባታ እንደሚነሳ በተነገረን ሰሞን መንገዱ በወሬ ተሞላ። አንዱ መርካቶ ቦታ አገኘሁ ይላል፣ ሌላው ቦሌ ተከራየሁ ይላል፣ አንዳንዱም ዕቃውን ጠቅልሎ ቤቱ መቀመጥን መርጧል። እትዬ ግን ምንም አይሉም። ጠዋት ይገባሉ፣ የመስታወቱን መደርደሪያ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላሉ፣ ይቀመጣሉ።

አንጥረኛችን ነበር የሚናገርላቸው። «እኔ ከአራዳ ከወጣሁ ፋራ ሆኜ ነው የምሞተው» ይል ነበር። እኔ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ፈርቶ ነበር። ከዚያ ባንኮኒ ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም።

አንድ ማክሰኞ እትዬ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆሙና «ነይ፣ ሱቅ ልናይ እንሄዳለን» አሉኝ።

«የት ነው እትዬ?»

«ሰው ባለበት።»

አንጥረኛው ሱቁን እየጠበቀ ቀረ፤ እኛ ታክሲ ይዘን መርካቶ ወረድን። የባላቸው የድሮ ወዳጅ የሆነ አንድ የጉራጌ ነጋዴ እዚያ ወርቅ ይነግዳል። በደስታ ተቀበለን። ከጎኑ ባዶ ቦታ ነበር፤ አሳየን። ተሸካሚዎች «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ በአጠገባችን ያልፋሉ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ነጋዴዎች በር ላይ ተሰልፈዋል። እኛ ቆመን ባየንበት ጊዜ ብቻ አንድ ከጅማ የመጣ ሰው የጉትቻ ዓይነት በእፍኝ እያስመዘነ ገዝቶ ሄደ።

ነጋዴው «እዚህ ቁጭ ብለሽ አታዛጊም፤ ሥራው ራሱ ይጠራሻል» አላቸው። የዕድሜ እኩያቸው ነበርና አንቺ ነበር የሚላቸው።

እትዬ አመሰገኑት። ወጥተን ትንሽ ከሄድን በኋላ «ጥሩ ቦታ ነው» አሉኝ። «ግን የሚገዛው ሁሉ መልሶ የሚሸጥ ነው። ጣቱን ዘርግቶ የሚያሳየኝ ሰው አላየሁም።»

ቦሌ ሱቅ ከሚያሳየን ደላላ ጋር ደግሞ የተቀጣጠርነው ከሰዓት በኋላ ነበር። መንገድ ላይ እያለን ራባቸውና ሜክሲኮ ሳንደርስ ሰንጋ ተራ ወረድን። እኔ ያን ሰፈር በታክሲ መስኮት ነው የማውቀው። ቀና ስል አንገቴ እስኪያመኝ የሚረዝም የመስታወት ሕንጻ፣ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉም ባንክ ወይ ኢንሹራንስ ነው። የምሳ ሰዓት ደርሶ ኖሮ ሕንጻዎቹ ሰው ያፈሱ ጀመር፤ አንገታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ ወጣቶች፣ ሴቶቹ ተረከዛም ጫማ የተጫሙ፣ ሁሉም የቸኮሉ። አንድ ምድር ቤት ያለ ምግብ ቤት ገብተን ቦታ ስላጣን ከሁለት የባንክ ሠራተኞች ጋር ተጋርተን ተቀመጥን።

ሽሮው ሳይመጣ አንደኛዋ ልጅ እትዬን አተኩራ ታይ ጀመር።

«እናቴ፣ ጉትቻዎ ሲያምር! የት ነው የገዙት?»

«የራሴ ቤት ነው የተሠራው፣ ልጄ። ፒያሳ።»

«ውይ ፒያሳ!» አለች ልጅቷ። «የተበጠሰ ሐብል አለኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ከተቀመጠ ዓመት ሆነው። ከሥራ ስወጣ እዚያ ሱቁ ይዘጋል፣ ቅዳሜ ደግሞ ልብስ አጥቤ፣ ቤት አጽድቼ መቼ ልሂድ?»

ጓደኛዋ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «እኔ ከወለድኩ ወዲህ ቀለበቴ አልገባ ብሎኝ ባሌ የጠፋ መስሎታል። በየቀኑ ነው የሚጠይቀኝ» ብላ ሳቀች።

እትዬ የጓደኛዋን እጅ ያዙና ጣቷን እንደ ወትሮው በአውራ ጣታቸው ለኩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ምን እንዳሰቡ ገባኝ።

ቦሌም ሄድን። ደላላው በአንድ ትልቅ የገበያ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሽቶ ቤት አጠገብ ያለ ሱቅ አሳየን። ወለሉ ያንጸባርቃል፣ ሙዚቃ በቀስታ ይሰማል፣ ከውጭ አገር የመጡ እንግዶች ቦርሳ እየጎተቱ ያልፋሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ ወደድኩት። ከዚያ መብራት ሥር ቆሜ ራሴን ሳየው አማረኝ።

እትዬ «አንጥረኛው የት ይቀመጣል?» ሲሉ ጠየቁት።

«እዚህ መሥራት አይቻልም እናቴ። እሳት ክልክል ነው። ግን ምን ያደርግልዎታል? ከዱባይ ያለቀለትን ማስመጣት ነው።»

እትዬ እንደገና አመሰገኑ። በእሳቸው ቤት ምስጋና እምቢታ መሆኑን እኔ እንጂ ደላላው አያውቅም፤ እስከ ደረጃው ድረስ እየተከተለ ይለምናቸው ነበር።

ፒያሳ ስንመለስ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው። አንጥረኛውን ጠርተን ኬክ ቤት ገባንና ሦስት ማኪያቶ አዘዝን። እትዬ ስኳሩን ሲያማስሉ ቆዩና ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«እኔ ሱቅ አልከፍትም። ጉልበቴ አልቋል። ሳር ቤት ልጄ ጋ እገባለሁ። ዛሬ ስዞር የዋልኩት ለእናንተ ነው። ዕቃውን፣ ሚዛኑን፣ መደርደሪያውን ያዙት፤ ከምትሠሩት እየተካፈልን እንኖራለን። ሰንጋ ተራ ክፈቱ።»

ቀኑን ሙሉ አብሬያቸው ስዞር ለራሳቸው የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። ማኪያቶዬን መጨረስ አቃተኝ።

አንጥረኛው ግን ተቆጣ። «ሰንጋ ተራ? ሰንጋ እንኳ የሌለበት ሰንጋ ተራ? እዚያ ያሉት የባንክ ልጆች ከኮምፒውተር ሌላ ምን ያውቃሉ? እኔ እዚሁ ጊዮርጊስ ጀርባ አንዲት ክፍል እከራያለሁ።»

«ማን ያገኝሃል እዚያ?» አልኩት።

«የሚፈልገኝ ያገኘኛል።»

«ጊዜ የለውማ ሰው! ሲናገሩ ሰምቻለሁ እኮ።»

«ጊዜ የሌለው ሰው ወርቅ ምን ያደርግለታል?» አለና ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት እምብዛም አልተነጋገርንም። እሱ ከመጋረጃው ጀርባ፣ እኔ ከባንኮኒው ጀርባ። ተናድጄበት ነበር፤ ፍርሃቴም ከንዴቴ አይተናነስም። ሌላ አንጥረኛ መቅጠር እችላለሁ፤ ግን የእሱን እጅ የለመደ ደንበኛ በሌላ ሰው እጅ እንደማይረካ አውቃለሁ። ለእትዬ ብነግራቸው «ተይው፣ ይምጣለት» ብቻ አሉኝ።

ዕቃ የምንጭንበት ቀን መጣ። ፒክ አፕ መኪና በር ላይ ቆሟል፤ መንገዱ በሙሉ ዕቃ በሚያወጣ ሰው ተጨናንቋል። የኬክ ቤቱ ሰዎች የቡና ማሽናቸውን ለአራት ሆነው ተሸክመው ሲያልፉ ሁላችንም መንገድ ለቀቅን። ባንኮኒውን ከጫንን በኋላ አንጥረኛው ከውስጥ የሥራ ጠረጴዛውን እየጎተተ ወጣ። ያረጀ፣ በእሳት የጠቆረ ጠረጴዛ ነው። ብቻውን ወደ መኪናው አወጣውና ከጎኑ ተቀመጠ።

«ወዴት ነህ?» አልኩት።

«ጠረጴዛው ብቻውን ሄዶ ሰፈር እንዳይጠፋበት ብዬ ነው። እስኪለምድ ድረስ አብሬው እቆያለሁ።»

እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አልለየሁም፤ ምናልባት ሁለቱንም ነበር።

ሰንጋ ተራ የተከራየናት ክፍል ከፒያሳዋ ብዙም አትሰፋም፤ ከአንድ ትልቅ ሕንጻ ሥር፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ጁስ ቤት መሃል ናት። መጀመሪያ ላይ ሰው ዞር ብሎም አላየንም። ጠዋት ሁሉም ሮጦ ይገባል፣ ማታ ሁሉም ሮጦ ይወጣል። አንጥረኛው በሩ ላይ ቆሞ «ይኼ ሕዝብ የሚያሳድደው አለ?» ይለኛል። ማታ ማታ ቤቴ ስገባ ቦሌን መርጬ ቢሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ከዚያ ያቺ ሐብሏ የተበጠሰባት ልጅ በምሳ ሰዓት ስታልፍ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ሮጣ ወደ ቢሮዋ ወጣችና መሳቢያዋ ውስጥ የነበረውን በመሀረብ ጠቅልላ አመጣችው። አንጥረኛው በይዶ፣ ወልውሎ፣ ምሳዋን በልታ ስትመለስ ሰጣት። አንገቷ ላይ አድርጋ በስልኳ መስታወት ራሷን አየች። የአባቷ ስጦታ ነው አለችን። በማግሥቱ ያቺን ቀለበቷ የጠበባትን ጓደኛዋን ይዛ መጣች፤ ከዚያም የሂሳብ ክፍሉ መጣ፤ ከዚያም ከላይኛው ፎቅ ሥራ አስኪያጇ ራሷ ወረደች። በየመሳቢያው ስንት የተሰበረ ወርቅ ተቀምጦ ኖሯል!

እንዲህ ነው ሥራችን የቆመው። ፒያሳ ሽያጭ ነበር የሚያኖረን፤ እዚህ ጥገናው ነው። ግዢ የሚሞቀው ደመወዝ ሲወጣ ነው። የሰዓቱም ነገር ተለወጠ፤ ድሮ ቅዳሜ እግራችን እስኪያብጥ እንቆም ነበር፣ አሁን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መንገዱ ጭር ሲል እንዘጋለን። አንጥረኛችን አሁንም የሰንጋ ተራን ማኪያቶ ይሰድባል፤ እሁድ እሁድ ፒያሳ ሳይፈርስ የቀረ ቡና ቤት ሄዶ ይጠጣል። ግን ወጣቶቹ ያውቁታል። ቀልዱን ለመስማት ብቻ ብቅ የሚሉ አሉ።

እትዬ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። ወንበር እናወጣላቸዋለን። አዲስ ደንበኛ ሲገባ እንደ ሌላ ገዢ ሆነው ቀለበት ይመርጣሉ፣ «እኔስ ይኼን ወድጄዋለሁ» ይላሉ። እኔ ሳቄን እይዛለሁ።

ባለፈው በአንድ ምሽት ከባሌ ጋር በፒያሳ በእግር አለፍን። መንገዱ ሰፍቷል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ ልጆች በብስክሌት ይጫወታሉ። ያምራል። የሱቃችንን ቦታ ላሳየው ፈልጌ ወዲህና ወዲያ ሄድኩ፤ የጊዮርጊስን ደወል እንደ ምልክት ይዤ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ባሌ «እዚህ ጋ አልነበረም?» ይለኛል፣ እኔ «አይ፣ ትንሽ ወደ ታች» እላለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥንና ቆሎ በላን። ያዝናል ብዬ የጠበቅኩት ልቤ ደክሞት ብቻ ነበር።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ሁለት ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። አንድ ባንክ ውስጥ፣ በተለያየ ፎቅ ነው የሚሠሩት። የጋብቻ ቀለበታቸውን ሊወስዱ ነው። ልጁ ስብሰባ አለብኝ እያለ ሰዓቱን ያያል።

አንጥረኛው ከውስጥ «አንተ ልጅ፣ ስብሰባው ነው ወይስ እሷ?» አለው።

ልጁ አፈረና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀለበቶቹን ለኩ፤ ልክ ሆኑ። ልጅቷ እጇን ወደ መብራቱ አነሳች፣ አወረደች፣ እንደገና አነሳች። ተያይዘው ወጡ። ትንሽ ቆይታ ብቻዋን እየሮጠች ተመለሰች፤ ሰርጋቸው ገና ነው፣ ቀለበቱን ሳታወልቀው ወጥታ ኖሮ አሁን ከጣቷ አልወጣ ብሏታል።

«እንዴት ላውልቀው?» አለችኝ እየሳቀች። ትንሽ ሳሙና ሰጠኋት።