ስምንት እግር ያላት መለኪያ

ታላቅ ወንድሜ የሚጠግነው አሮጌ አምፕሊፋየር ነው፤ የመስታወት ቱቦ የሚሰካበትን፣ እንደ ፍም እየጋለ የሚሠራውን ዓይነት። ትምህርት ቤት የቆየው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማሩት ሽፋናቸው የተገነጠለ መጻሕፍት፣ የተቃጠሉ ትራንስፎርመሮችና እግዚአብሔር የሰጠው ትዕግሥት ናቸው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ ሰፈሩ ግን «ቮልት» ነው የሚለው።

የሚሠራበት ጠረጴዛና የሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ወለሉ ላይ ክርና ሽቦ ተቀላቅሎ ይጠረጋል። ሚስቱ እትዬ በሥራው ገብታ አታውቅም ነበር፤ እስካለፈው ወር ድረስ።

ቱቦ ሙዚቃ ባይኖርም ዝም ብሎ የሚስበው ከረንት አለ፤ ባያስ ይሉታል። ከበዛ ቱቦው ይነድዳል፣ ካነሰ ድምፁ ይሻክራል። ጋሼ ይህን የሚለካው አምፕሊፋየሩን እንደበራ ከፍቶ፣ አራት መቶ ቮልት በሚያልፍባቸው ሽቦዎች መሃል የቴስተሩን ጫፍ እየከተተ ነበር። ባለፈው ወር ግን አንድ ቀን ጫፉ አዳለጠው። ኤሌክትሪኩ ከነወንበሩ ወረወረው። ሐኪሙ «ልብህ ለዛሬ ተርፏል፤ ሁለተኛ ግን አትሞክረው» አለው።

ቤት ሲመለስ እትዬ የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

«ተነሽ እንጂ፣ ፒንሳዬን ልውሰድ።»

«አልነሣም። የወንድሜ ሱቅ ገብተህ አምፖል ትሸጣለህ።»

«እኔ? አምፖል?»

«ምን አለበት? እሱም መስታወት ነው፣ እሱም ይበራል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ ግን አልሳቀም። ሦስት ቀን ሲያነብ ሰነበተና አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ከሞተ ቱቦ ላይ መስታወቱን ሰብሮ፣ ስምንት እግር ያላትን መቀመጫውን ያስቀራል። በላይዋ ሶኬት ይገጥማል፤ እያንዳንዱን እግር ከየቀዳዳው ጋር በሽቦ ያገናኛል፤ ለቴስተሩ ደግሞ ረዘም ያሉ ሽቦዎች በጎን ያወጣል። ይህች አዳፕተር ኤሌክትሪኩ እንደጠፋ በአምፕሊፋየሩና በቱቦው መካከል ትሰካለች። ከዚያ ሣጥኑ እንደተዘጋ ይበራና ቁጥሩ ከሩቅ ይነበባል።

«እጄ አይገባም» አላት። «አንድ ጊዜ ብቻ ፍቀጂልኝ። ካልሠራ ሱቁ እገባለሁ፤ ትንፍሽ አልልም።»

«አንድ ጊዜ» አለች። «እሱንም እያየሁህ።»

የሚሞከረው የአንድ ጊታሪስት አምፕሊፋየር ነበር፤ ቱቦ ይበላል ተብሎ የመጣ። ውስጡ ያሉት ሁለት ቱቦዎች ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም። እነሱ ከተቃጠሉ የጋሼም ሙያ አብሮ አበቃ።

በሙከራው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ብየዳውን ጨርሷል፤ እንደ ልማዱ ንጹሕ ነው። በቴስተር እግር በእግር ፈትሿል። ከትንሽ ትራንስፎርመር ጋር አገናኝቶ ቱቦ ሲሰካባት ቱቦው ቀስ ብሎ ቀላ።

«አያችሁ? በራ!» አለና እጁን ወደ አምፕሊፋየሩ ሰደደ።

እትዬ ግን የሠራበትን ሥዕል እያገላበጠች ነበር። በወረቀቱ ላይ ሁለት ክቦች አሉ፤ ዙሪያቸውን ከአንድ እስከ ስምንት ተጽፏል።

«ይሄ የትኛው ነው?»

«አንዱ የመቀመጫዋ ውስጥ፣ አንዱ የሶኬቱ ጀርባ።»

«ፊት ለፊት ነው የሚተያዩት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቁጥሩ ለምን በሁለቱም ወደ አንድ ጎን ይዞራል? ሁለት ቀኝ እጅጌ ነውኮ የቆረጥከው። አንዱን ጨርቅ መገልበጥ ነበረብህ።»

ጋሼ ሁለት መዳፎቹን ፊት ለፊት አጋጥሞ ትኩር ብሎ አያቸው። ከዚያ ቁጭ አለ። ቱቦውን የሚያግሉት ሁለቱ እግሮች እርስ በርሳቸው ቦታ ቢለዋወጡም ቱቦው መብራቱ አይቀርም፤ በቴስተር የፈተሸውም በዚያው በተሳሳተው ሥዕል ነው። አምፕሊፋየሩን አብርቶት ቢሆን ከፍተኛው ቮልት በማይገባው እግር ገብቶ ቱቦውን ያበላሸው ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ሠርቼ...» አለ። መበየጃውን ነቀለ። «ቃል ቃል ነው። ነገ ሱቁ እሄዳለሁ።»

«ካልሠራ ነው ያልከው» አለች እትዬ። «ገና መች ተሞከረ? ይልቅ ፍታው።»

«አፍሬ ነው እኮ።»

«እኔ ስንት የሰው ሱፍ እንዳበላሸሁ ብትሰማ አታፍርም ነበር። ፍታው፣ ሰውዬ!»

ፈታው። አዲሱን ሥዕል እሷ ይዛ ቁጥር ትጠራለች፤ እሱ ይበይዳል። ሲጨርሱ እኔንም «ፈትሽ» አሉኝና እያንዳንዱን እግር በቴስተር በየተራ ነካሁ። አዳፕተሯ ከአንደኛው ቱቦ ሥር ተሰካች፤ ሣጥኑ ተዘጋ። ጋሼ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ምን ብሎ እንደጸለየ አልሰማሁም፤ እኔም የራሴን ጸለይኩ። አበራው።

«ስንት ይላል?»

«ስልሳ ሁለት ሚሊአምፔር» አለች ቴስተሩን የያዘችው እትዬ።

«አየሽ፣ ቱቦ የሚበላው ለዚህ ነው!» ከውጭ ያለችውን የባያስ ማስተካከያ በካቻቢቴ ቀስ ብሎ አዞራት።

«ሃምሳ... አርባ አራት... ሠላሳ ዘጠኝ። ቆመ።»

«እዚያው ይሁን። ቮልቱስ?»

«አራት መቶ አሥር።»

ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ አባዛ፤ ቱቦው ከሚችለው አላለፈም፤ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ተመስገን አልኩ በልቤ።

እትዬ ቴስተሩን አስቀመጠች። «ቱቦዎቹ ሁለት አይደሉ እንዴ? ለሌላውም አዳፕተር ያስፈልገዋል። የእሱን ሥዕል ግን እኔ ነኝ የምሥለው» አለች።

ጋሼ ሌላ የሞተ ቱቦ ፍለጋ ከጠረጴዛው ሥር ገባ።