ኪቦርድ የምሞክርባት መዝሙር

ሙያዬ የቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ መጠገን ነው፤ መጫወት ግን አልችልም። ሥራዬን የምሞክረው በልጅነቴ በለመድኳት መዝሙር የመጀመሪያ ስንኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጣቴ አያውቀውም። ደግነቱ፣ በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሌም ካቆምኩበት ይቀበለኛል።

አምና አንድ የቦሌ ሆቴል ለኪቦርዶቹና ለድምፅ መሣሪያዎቹ ጠጋኝ ፈለገ። ደሞዙ ከማገኘው ሦስት እጥፍ ስለነበር ባለቤቴ በደስታ እልል አለች፤ እኔም ገባሁ። እዚያ ግን «እንግዳ እንዳይረበሽ በጆሮ ማዳመጫ ሞክር» ተባልኩ። በአንዲት ስንኝ ማን ይረበሻል? ተናደድኩ፤ ግን ደሞዝ ነውና ዋጥኩት። ስንኟን ብቻዬን እሰማለሁ፤ ስጨርስ ጭር ይላል።

በቀደም ቅዳሜ ባለቤቴ ቦሌ አራብሳ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ይዛኝ ሄደች፤ ኪቦርዱ ተበላሽቶ ነበር። ጠግኜ ስንኟን ተጫወትኩና አቆምኩ። አዳራሹን የሚወለውሉት እናቶች፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ ተቀብለው መዝሙሯን እስከ መጨረሻው ዘመሯት። እኔ ከኪቦርዱ ላይ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ባለቤቴ እጄን ያዘችና በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «ሰኞ ሆቴሉን ልቀቅ» አለችኝ። «የቤት ኪራዩን ለኔ ተወው።»